ጃዝን ከየትኛው አልበም ልጀምር? ለጅቡቲ ከተማ አድማጮች

ጃዝ መስማት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው መጀመሪያው ላይ ነው። ወዳጁ «ምርጥ ነው» ብሎ የላከለትን አልበም ይከፍታል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ማንም አይዘፍንም፤ ሳክስፎኑ ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይዘጋውና «ይሄ የእኔ ነገር አይደለም» ይላል። ችግሩ ግን ጆሮው ላይ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ይህ ማብራሪያ ጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩ፣ የአማርኛ ሙዚቃ እየሰሙ ላደጉ ሰዎች ነው። የምመክርዎት በፈረንጅ ዝርዝር ራስ ላይ ከሚቀመጠው አልበም እንዲነሱ አይደለም። ጆሮዎ ከሚያውቀው ዜማ ይነሱ፤ ወደ ማያውቁት በኋላ እንሄዳለን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ጃዝ ምንድን ነው? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ጥቁሮች የፈጠሩት ሙዚቃ ነው። ዋናው መለያው ተጫዋቹ እዚያው እየተጫወተ አዲስ ዜማ ማፍለቁ ነው። አዝማሪ ከታዳሚው ግጥም ተቀብሎ በታወቀ ዜማ ላይ አዲስ ቃል እንደሚያወርድ፣ የጃዝ ተጫዋችም በታወቀ መሠረት ላይ አዲስ ዜማ ያወርዳል። አንዱ በቃል፣ ሌላው በድምፅ።

አብዛኛው የጃዝ ሙዚቃ የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው። መጀመሪያ ሁሉም በአንድነት ዋናውን ዜማ ይጫወታሉ። ከዚያ በየተራ አንዳንዱ ለብቻው ይወጣል፤ ይህ ሶሎ ይባላል። የቀሩት ከሥር ሆነው ምቱን ይይዙለታል። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ዋናው ዜማ ይመለሳሉ። ይህን ካወቁ ረጅም ሙዚቃ ውስጥ የት እንደደረሱ አይጠፋዎትም። «አሁን ሶሎ ላይ ነን፤ ዜማው ገና ይመለሳል» ይላሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው አልበም የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ይሁን። ኒው ዮርክ ውስጥ ተቀርጾ በ1972 የወጣ ነው። ያስቀደምኩት በአንድ ምክንያት ነው፤ ውስጡ «ኩሉን ማን ኳለሽ» አለ። ዜማውን በስንት ሠርግ ሰምተውታል! ስለዚህ ሙላቱ ምን እንደጨመረበት፣ የቱን ቦታ እንዳጠፈው፣ የት ላይ እንደተወው ጆሮዎ ራሱ ይነግርዎታል። አሜሪካዊ አድማጭ የጃዝ ሶሎ ቶሎ የሚገባው ተጫዋቹ የሚያጣጥፈውን የድሮ ዘፈን ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ነው። ለእኛ ያንን ቦታ የሚይዘው ይህ ዜማ ነው። እዚያው አልበም ላይ «መስከረም ሲጠባ»፣ «ሙናዬ» እና «ደወል»ም አሉ።

ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወለደ። በወጣትነቱ ለትምህርት ወደ ዌልስ ተላከ፤ ቤተሰቡ ያሰበለት ምሕንድስና ነበር። እሱ ግን ወደ ሙዚቃ ዞረ። ለንደን ተማረ፣ ከዚያ አሜሪካ ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ሁለት አልበሞች አወጣ። ዋና መሣሪያው ቫይብራፎን ነው። ቫይብራፎን እንደ ፒያኖ ቁልፎች የተደረደሩ የብረት ዝርግ ቁራጮች ያሉት፣ ጫፉ በተጠቀለለ ዘንግ የሚመታ መሣሪያ ነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም አይጠፋም። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ሲከፍቱ መጀመሪያ እሱን ለመለየት ይሞክሩ።

ሙላቱ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ከባድ ነበር። የእኛ ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። የፈረንጁ ፒያኖ ግን ድምፁ ተመልሶ እስኪደገም ድረስ 12 ድምፆች አሉት። ጃዝ ደግሞ ኮርድ ይወዳል። ኮርድ ማለት በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች ናቸው። በትዝታ ዜማ ሥር እንደልብ ኮርድ ከደረደሩ ከአምስቱ ውጭ የሆኑ ድምፆች ይገቡና ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። የሙላቱ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ዜማውን በአምስቱ ድምፅ ውስጥ አቆይቶ፣ ከሥሩ የሚገባውን ኮርድ መርጦና መጥኖ አስገባ። በዚያ ላይ ከላቲን አሜሪካ ሙዚቃ የመጣውን ኮንጋ ከበሮ ጨመረ። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው አልበም የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰባስቦት ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በ1998 አወጣው። ሙላቱ ከ1969 እስከ 1974 የሠራቸውን 14 ሙዚቃዎች ይዟል። ሲዲውን ካገኙ አብሮት ያለው መጽሐፍ በፈረንሳይኛም የተጻፈ ስለሆነ ለጅቡቲ አንባቢ ይመቻል። ይህ ቅጽ ዓለምን የዞረው ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ሙዚቃዎቹን ከተጠቀመባቸው በኋላ ነው።

ከዚህ አልበም «የከርሞ ሰው»ን ሁለት ጊዜ ይስሙት። በመጀመሪያው ዙር ዜማውን ይተዉትና ከሥር ያለውን ባስ ብቻ ይከተሉ። ባሱ አንድ አጭር ነገር ይዞ ደጋግሞ ይሄዳል። በሁለተኛው ዙር ሳክስፎኑን ይከተሉ። ከዚያ አሜሪካዊው ፒያኒስት ሆራስ ሲልቨር በ1965 ያወጣውን «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» ይክፈቱ። የሁለቱ አካሄድ በጣም ይቀራረባል። ሳያስቡት ከአዲስ አበባ ኒው ዮርክ ደረሱ ማለት ነው። የሲልቨር አልበም ለጀማሪ ከሚስማሙት አንዱ ነው።

«ሙላቱ ብቻ ነው እንዴ?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ጌታቸው መኩሪያን ያለ ቀጠሮ ይስሙት። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። የኢትዮፒክስ 14ኛ ቅጽ የእሱ ነው። ሳክስፎኑ ይጮሃል፣ ይዝታል፣ ትንፋሽ ይወስድና እንደገና ይነሳል። ውጭ አገር የሰሙት ሰዎች በ1960ዎቹ አሜሪካ ከተነሣው ልቅ የጃዝ አጨዋወት ጋር ያመሳስሉታል። እሱ ግን ከዚያ አልቀዳም፤ የቀዳው ከአገሩ ፉከራ ነው። ሽለላ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አልበም ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። ጌታቸው በ2016 አርፏል።

ለስለስ ያለ ነገር ከፈለጉ ኃይሉ መርጊያ አለልዎት። ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። ባንዱ በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» የኪቦርድና የትንፋሽ መሣሪያዎች ድግስ ነው። ኃይሉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር አዋህዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ አሳታሚ ካሴቱን እንደገና ሲያወጣው እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። እኔ ለማታ ሰዓት የምመርጠው ይህን ነው።

አሁን ወደዚሁ ከተማ እንመለስ። ጅቡቲ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። አርቴዴ፣ ማለትም የጅቡቲ ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ የራሱ የሙዚቃ ጓድ አለው፤ በመንግሥት በዓላት ላይ የሚጫወተው እሱ ነው። ኦስቲናቶ የተባለ አሳታሚ ተንቀሳቃሽ መቅረጫ ይዞ እዚሁ ጅቡቲ መጥቶ ጓዱን ቀረጸው። አልበሙ በ2020 «ዘ ዳንሲንግ ዴቭልስ ኦፍ ጅቡቲ» በሚል ስም ወጣ።

ይህ ንጹሕ ጃዝ ነው? አይደለም። ውስጡ የሶማሌ ዘፈን፣ የሬጌ ምት፣ የሕንድ ፊልም ዜማ ጣዕም አለበት። ግን የሳክስፎን ተጫዋቹን ሞሐመድ አብዲን ይከታተሉ። በአልቶ ሳክስፎን ብቃቱ «አልቶ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። አልቶ ማለት ከሳክስፎን ቤተሰብ ትንሽ የሚያንሰውና ድምፁ ቀጠን የሚለው ነው። ዘፋኞቹ አስማ ዑመርና ሐሰን ዑመር ሲያርፉ እሱ ይገባል። በዚያች ጠባብ ቦታ የሚያደርገው ነገር የጃዝ ሶሎ ነው። የሶማሌ ዜማም በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ በመሆኑ ቋንቋውን ባያውቁት እንኳ ዜማው ባዕድ አይሆንብዎትም።

ይህን ከወደዱ ኦስቲናቶ በ2021 ያወጣው የ«ካትር ማርስ» አልበም ይከተላል። ካትር ማርስ በፈረንሳይኛ ማርች አራት ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው ገዢው ፓርቲ ከተመሠረተበት ከማርች 4 ቀን 1979 ነው። ብዙ አባላት የነበሩት የፓርቲው የሙዚቃ ቡድን ነበር። አልበሙ የወጣው በአርቴዴ የድምፅ ማከማቻ ውስጥ ከተቀመጡ ካሴቶችና ክሮች ነው። ጅቡቲ ድምፅዋን እንዲህ ጠብቃ ማቆየቷ የሚያስመሰግን ነው። በአካባቢያችን ስንቱ ቅጂ በጦርነትና በቸልታ ጠፍቷል።

እስካሁን የሰሙት ሁሉ ጆሮዎን አሰናድቶልዎታል። አሁን ፈረንጆቹ መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጡትን አልበም ይክፈቱ፤ የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ»። በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ በሁለት ቀን፣ በማርች 2 እና በኤፕሪል 22፣ ተቀረጸ። ማይልስ መለከት (ትራምፔት) ይነፋል። ጆን ኮልትሬንና ካነንቦል አደርሊ ሳክስፎን፣ ቢል ኢቫንስ ፒያኖ፣ ፖል ቻምበርስ ባስ፣ ጂሚ ኮብ ድራም ይጫወታሉ። አንዷን ሙዚቃ በፒያኖ የተጫወተው ዊንተን ኬሊ ነው።

ይህ አልበም ለእኛ ለምን ይቀርባል? ከእሱ በፊት የነበረው ጃዝ በኮርድ ብዛት የተጨናነቀ ነበር። ኮርዱ በየሰከንዱ ስለሚቀየር ተጫዋቹ እየሮጠ ይከተለዋል። ማይልስ ይህን ተወና ለተጫዋቾቹ ጥቂት የድምፅ ሠልፎች ብቻ ሰጣቸው። «በዚህ ሠልፍ ውስጥ ሆናችሁ እስክትጠግቡ ተጫወቱ» እንደ ማለት ነው። ሙዚቀኞቹ ይህን አሠራር ሞዳል ይሉታል። በአንድ ቅኝት ውስጥ ተቀምጦ ዜማን ማብሰልሰል ለክራርና ለመሰንቆ ተጫዋች አዲስ ነገር አይደለም። ሠልፎቹ የእኛ አምስት ድምፆች አይደሉም፤ ሰባት ድምፅ አላቸው። አስተሳሰቡ ግን ይገናኛል። ሙላቱን አስቀድመው ሲሰሙት «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ለስላሳ ሆኖ የሚገባውም ለዚህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያዋን ሙዚቃ «ሶ ዋት»ን አብረን እንስማት። ፒያኖና ባስ ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ባሱ ዜማውን ያወጣል፣ ሌሎቹ በሁለት አጭር ድምፅ ይቀበሉታል። ዋናው ዜማ ይኸው ነው። አንድ ዙር 32 ምድብ ምት አለው። 16ቱ በአንድ ሠልፍ፣ ቀጥሎ ስምንቱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ባለ ሠልፍ፣ የመጨረሻዎቹ ስምንቱ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ይሄዳሉ። ድምፁ ከፍ ብሎ ሲነሳ ጆሮዎ ይሰማዋል። ከዚያ መጀመሪያ ማይልስ፣ ቀጥሎ ኮልትሬን፣ ቀጥሎ አደርሊ፣ በመጨረሻ ኢቫንስ ለብቻቸው ይወጣሉ። ማይልስ ጥቂት ተናግሮ ዝም ይላል። ኮልትሬን ያለውን ሁሉ ያፈሳል። ሁለቱን ማወዳደር ብቻውን ትምህርት ነው። ሙዚቃዋ ከዘጠኝ ደቂቃ ትንሽ ትበልጣለች።

ድምፃዊ ካልሰሙ የማይሆንልዎት ከሆነ «ኤላ ኤንድ ሉዊስ» አለ። ኤላ ፊትዝጄራልድና ሉዊስ አርምስትሮንግ በ1956 አብረው የዘፈኑት ነው። የእሷ ድምፅ ጥርት ያለ፣ የእሱ ሻካራ ነው። እንግሊዝኛ ባይገባዎትም ችግር የለም። ምት መቁጠር ለሚወድ ደግሞ የዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት» (1959) ይሻላል። ውስጡ ያለው «ቴክ ፋይቭ» በአምስት ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት። በጠረጴዛ ላይ በጣትዎ እየመቱ ይሞክሩት። የኮልትሬን «ኤ ለቭ ሱፕሪም» የጸሎት አልበም ነው፤ በ1964 መጨረሻ ተቀረጸ። ሰላሳ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሳይቆራርጡ ቢሰሙት ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ኮልትሬን የሠራቸውን፣ ለምሳሌ «አሴንሽን»ን፣ ለጊዜው ይለፏቸው። መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ጆሮ ገና ሳይለምድ ከተከፈቱ ጩኸት ብቻ ስለሚመስሉ ነው።

የት ይገኛሉ? ሁሉም ማለት ይቻላል በስልክ ይሰማሉ። ወጪው የሚወሰነው በኢንተርኔት ጥቅልዎ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በመደበኛ ጥራት የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ አንድ ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»፣ 46 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ 44 ሜጋ አካባቢ ይበላል። በከፍተኛ ጥራት ከሰሙት 110 ሜጋ ይሆናል። የአንድ ጊጋ ጥቅል የገዙበትን ፍራንክ ለ22 ያካፍሉ፤ አንድ አልበም በመደበኛ ጥራት መስማት የሚያስወጣዎ ያ ነው። በከፍተኛ ጥራት ከሆነ ለዘጠኝ ያካፍሉ። በዩቲዩብ ሲሰሙ ግን ምስሉም አብሮ ስለሚወርድ ወጪው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርሱ አውርደው ማስቀመጥ ይሻላል።

ገዝቼ የራሴ ላድርገው ካሉ ባንድካምፕ የተባለ የሙዚቃ መሸጫ አለ። የኦስቲናቶና የኦውሰም ቴፕስ አልበሞች እዚያ ይገኛሉ። ከመግዛትዎ በፊት መስማትም ይችላሉ። የፋይል አልበም ብዙውን ጊዜ ከ10 ዶላር አይበልጥም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረው በ177.721 ስለሆነ 10 ዶላር 1,777 ፍራንክ ነው፤ የባንክ ኮሚሽን ይጨመርበታል። ለመክፈል በኢንተርኔት እንዲሠራ የተፈቀደለት የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። ካርድዎ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ባንክዎን አስቀድመው ይጠይቁ። ከፋይል ሽያጭ ባንድካምፕ ለራሱ የሚወስደው ቢበዛ 15 በመቶ ነው። የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ተቀንሶ ቀሪው ለአሳታሚውና ለሙዚቀኛው ይሄዳል። ኦውሰም ቴፕስ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ይካፈላል። ዘፈኖቻቸው ለዓመታት ያለ ክፍያ ሲባዙባቸው ለኖሩ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሸክላስ? ሸክላ ውብ ነው፤ ለጅቡቲ ግን ያስቸግራል። እንደገና የታተመ ሸክላ ከ20 እስከ 30 ዶላር ያወጣል፣ የመላኪያው ዋጋ ለብቻው ነው። ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው። የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ አይመለስም። ካለዎት በቁሙ ያስቀምጡት፤ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አይሁን።

ጥሩ ስፒከር የግድ ነው? አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የአየር ማቀዝቀዣው ጉምጉምታ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ የባሱን ድምፅ ይውጠዋል። ባስ ያልተሰማበት ጃዝ ደግሞ መሠረቱ የጠፋ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ሲሠራ ከትንሽ ስፒከር ይልቅ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ይጠቀሙ። ከተማው ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት የከሰዓት በኋላ ሰዓት አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር መስማት ይቻላል።

በስንት ጊዜ ልጨርሰው ለሚሉ፣ አልበሞቹን በወር አንድ አድርገው ይያዟቸው። በአንድ ወር አንዱን አሥር ጊዜ መስማት አሥሩን አንዳንድ ጊዜ ከመስማት ይሻላል። መጀመሪያ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»፣ ከዚያ ኢትዮፒክስ 4፣ ከዚያ የአርቴዴው ጓድ፣ ከዚያ «ሸሞንሟናዬ»፣ ከዚያ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»። አምስቱንም በ10 ዶላር ሒሳብ ቢገዟቸው ጠቅላላው 8,886 ፍራንክ ነው፤ በአምስት ወር ሲከፋፈል በወር ከ1,800 ፍራንክ በታች ይሆናል።